ታካሚው አልተንቀሳቀሰም፦ ስለ ፈጣን የአንጎል ኤምአርአይ መዛባት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ምስሉ የተዛባው ታካሚው ስለተንቀሳቀሰ ነው።»
ከዓይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ተጨምቆ ወይም ተለጥጦ ሲታይ መጀመሪያ የሚወቀሰው ታካሚው ነው፤ ያለ ጥፋቱ። ንቅንቅ ሳይል በተኛ ሰው ላይም ይኸው ይታያል። ምክንያቱ አየር ነው። በሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ ባዶ የአጥንት ክፍተቶች) እና በጆሮ ውስጥ ያለው አየር ለማግኔቱ የሚሰጠው ምላሽ ከአንጎል ህብረ ሕዋስ ይለያል፤ ስለዚህ ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ መግነጢሳዊ መስኩ ይዛባል፣ ነጥቦችም ያለቦታቸው ይሣላሉ።

በተለመደው ስካን ይህ ብዙም አይታይም። የፊዚክስ ሊቁ ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ኤኮ ፕላናር በተባለ ፈጣን ዘዴ ግን አንድ ስላይስ (የአንጎሉ አንድ ቀጭን ንብርብር) ሳይቋረጥ በአንዴ ይነበባል። ንባቡ 50 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ለአንድ ፒክስል (ለአንድ የምስሉ ነጥብ) የሚደርሰው የድግግሞሽ ስፋት 20 ኸርዝ ብቻ ነው። መስኩ ሲዛባ የሚፈጠር የ100 ኸርዝ ስህተት ነጥቡን 5 ፒክስል ይገፋዋል፤ ፒክስሉ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው! ስትሮክ የሚፈለገው በአብዛኛው በዚሁ ዘዴ ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የተከመረ ምልክት (ማሽኑ የሚቀበለው ሲግናል) ደምቆ ሕመም ሊመስል ይችላል።

«ማግኔቱ በጠነከረ ቁጥር ምስሉ ቀጥ ይላል።»
ተቃራኒው ነው። ንባቡ ካልተቀየረ ከ1.5 ወደ 3 ቴስላ ሲኬድ መዛባቱ እጥፍ ይሆናል።

«ብዙ ስላይስ በአንድ ጊዜ ማንሳት መዛባቱን ይቀንሳል።»
የሚያሳጥረው ጠቅላላውን ጊዜ እንጂ የአንዱን ስላይስ ንባብ አይደለም። ንባቡን የሚያሳጥረው፣ ብዙ ተቀባዮችን በአንድነት ተጠቅሞ ጥቂት መስመሮችን ብቻ የሚያነበው ፓራለል ኢሜጂንግ ነው፤ በ2 ሲፋጠን መዛባቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዋጋ ግን አለው፤ ምስሉ ላይ የበለጠ ነጠብጣብ (ኖይዝ) ይበዛል።

«የቀረውን ሶፍትዌር ያስተካክለዋል።»
ግማሽ እውነት ነው። ያው አንጎል ሁለት ጊዜ፣ በተቃራኒ የፌዝ ኢንኮዲንግ አቅጣጫ (መዛባቱ ነጥቦችን በሚገፋበት አቅጣጫ) ይነሳል። አንዱ ወደ ፊት የገፋውን ሌላው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቶፕአፕን የመሰሉ ፕሮግራሞች ከሁለቱ ልዩነት መስኩን አስልተው ነጥቦቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ። ተጨማሪው ስካን ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ እኔ ብሆን ፈጽሞ አልዘለውም። ከሳይነስ በላይ ጨርሶ የጠፋ ምልክትን ግን የትኛውም ስሌት አይመልሰውም። ለእሱ ያለው መላ ስካኑ ከመጀመሩ በፊት መስኩን ወጥ በሚያደርገው ሺሚንግ ማስተካከልና ስላይሱን ማሳሳት ነው።