ከርቲስ ሌሜይ እና 305ኛው ቦምብ ጣይ ግሩፕ

ከርቲስ ሌሜይ (1906–1990፣ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን 305ኛ ቦምብ ጣይ ግሩፕ የመሩ መኮንን ናቸው። የተወለዱት በኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው። በ1928 የበረራ ሥልጠና ጀምረው ለዓመታት ተዋጊ አውሮፕላን ካበረሩ በኋላ በ1937 ወደ ቦምብ ጣይ ተዛወሩ። በሜይ 1938 ሦስት ቢ-17 የተባሉ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከ600 ማይል በላይ ርቀው «ሬክስ» የተባለችውን የጣሊያን መርከብ ባሕር ላይ ሲያገኟት መንገዱን ያሰሉት እሳቸው ነበሩ።

ግሩፑን በ1942 ተረክበው እንግሊዝ ሲገቡ አብራሪዎች ከምድር የሚተኮስባቸውን የጀርመን መድፍ ለማምለጥ ዒላማው አጠገብ ይጠማዘዙ ነበር። ቦምቡ መቼ እንደሚጣል የሚያሰላው መሣሪያ፣ የኖርደን ማነጣጠሪያ፣ ግን በትክክል የሚያሰላው አውሮፕላኑ ከፍታና ፍጥነት ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ሲበር ነው፤ ከተጠማዘዘ ቦምቡ ሜዳ ላይ ይበተናል። ሌሜይ የመድፍ መማሪያ መጽሐፍ አውጥተው ሲያሰሉ አንድ ቢ-17 ለመምታት 372 ጥይት ያስፈልጋል የሚል ውጤት አገኙ፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ መብረር እንደሚቻል አመኑ። ኖቬምበር 23 ቀን 1942 በጀርመን በተያዘችው የፈረንሳይ ወደብ ሴንት ናዜር ላይ ከፊት ሆነው እየመሩ ግሩፑን ሰባት ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርገው አሳለፉ። ሰውን ወደዚያ እሳት መላክ የሚችለው አብሮ የሚገባ አዛዥ ነው።

የበረራ አሰላለፋቸው አብዛኛውን ጊዜ 18 አውሮፕላን ሲሆን፣ መሪው፣ ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ክፍል በተለያየ ከፍታ ይበራሉ፤ የአንዱ መትረየስ ሌላውን ሳይመታ ዙሪያውን ይሸፍናል። ችግሩ መታጠፍ ላይ ነው፦ ውጭኛው መፍጠን፣ ውስጠኛው መዘግየት አለበት። መሪው በድንገት ከታጠፈ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ወደ ኋላ የቀረውንም የጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች ይለቅሙታል። የተመረጠ አነጣጣሪ ከመሪው አውሮፕላን ሲጥል ሌሎቹ አይተው ይጥላሉ፤ አንድ ሰከንድ መዘግየት ቦምቡን ከ80 ሜትር በላይ ያርቃል። መሪው ከሳተም ሁሉም ይስታል።

ኦገስት 17 ቀን 1943፣ ከግሩፕ አዛዥነት ከፍ ብለው፣ 146 ቢ-17 ይዘው የጀርመኗን ከተማ ሬገንስበርግን መቱ። ጭጋግ ነበር፤ የእሳቸው አብራሪዎች ግን በመሣሪያ ብቻ መነሣትን ተለማምደው ስለነበር ተነሡ። በዚያው ቀን ወደ ሌላዋ የጀርመን ከተማ ሽዋይንፈርት የሚሄደው ሁለተኛው ጓድ ግን ለሰዓታት ዘገየ፣ የጀርመን ተዋጊዎችም ነዳጅና ጥይት ሞልተው ጠበቁት። ከሌሜይ 24፣ ከሽዋይንፈርቱ ጓድ 36 አውሮፕላን ወደቀ።

በ1945 በፓስፊክ፣ ከላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ቢ-29 የተባለውን ትልቅ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቦምብ ሲበትን ዘዴውን ቀየሩት፦ ሌሊት፣ ከ5,000 እስከ 9,000 ጫማ፣ መትረየሱን አብዛኛውን አውርዶ ተቀጣጣይ ቦምብ መጫን። ማርች 9 ለ10 ሌሊት 279 አውሮፕላኖች ቶኪዮ ላይ ጣሉ፤ 100,000 ያህል ሰው አለቀ፣ አብዛኛው በእንጨት ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰላማዊ ነዋሪ።