ውሃ ደሴ ላይ በ100 አይፈላም፦ ስለ ሒሳብና ሳይንስ ትምህርት የምንሳሳታቸው ነገሮች

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ያኔ ሁሉም ተንታኝ ሆነ። ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ደሴና ኮምቦልቻ ስመላለስ ከሰማኋቸው ጥቂቱን ላንሳ።

«መምህሩ ዲግሪ ካለው ሥልጠና ምን ያደርግለታል?»

ይሄን ስሰማ አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። ደሴ ስንማር የፊዚክስ መምህራችን ቴርሞሜትር ይዞ ገባ። ብርቅ ነበር። ውሃ ጣደ። ውሃው ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 አካባቢ ቆመ። ቢጠብቅ፣ እሳቱን ቢጨምር ንቅንቅ የለም። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ደብተራችን ላይ 100 ነው የሚለው» አለ። «ዕቃው ተበላሽቷል፣ 100 ብላችሁ ጻፉ።» ጻፍን።

ዕቃው ደህና ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ብንለካው 94 አካባቢ ይሆን ነበር። ደሴ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። መምህራችን ሰነፍ አልነበረም፤ ስለ ግፊት ብትጠይቁት ቀመሩን በቃሉ ይነግራችኋል። ያልጠበቀው ቁጥር ሲመጣ ግን ከተማሪው ጋር ሆኖ «ለምን?» ማለትን የሚለማመድበት ቦታ አላገኘም። ትምህርቱን ማወቅ አንድ ሙያ ነው፣ ማስተማር ሌላ።

«ላብራቶሪ ከሌለ ሳይንስ የለም»

ላብራቶሪማ ያስፈልጋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ሲያዳርስ የተዘረፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፣ እሱን ማንም አይክድም። ግን ዕቃው እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ምን ይባላል? ከርከዴ አፍልታችሁ አጥልሉት፣ ሁለት ብርጭቆ ላይ ክፈሉት። አንዱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፣ ቅላቱ ይደምቃል። ሌላው ላይ አመድ በጥብጣችሁ የጠለለውን ውሃ ጨምሩ፣ ወደ አረንጓዴ ይዞራል (ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ)። አሲድና ቤዝ ማለት ይኸው ነው።

«ቴክኖሎጂ ቢገባ ይፈታል»

አይተነዋል እኮ። በ1997 ፕላዝማ የሚባለው የክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ሳያቆም ይነጉድ ነበር። ያልገባው ልጅ እጁን ለማን ያውጣ? መምህሩ ከፋችና ዘጊ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ክፍለ ጊዜው አብሮ ጠፋ።

«ክረምት ላይ ሠልጥነዋል፣ በቃ»

በ2016 ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር ብዙ መምህራንን በየዩኒቨርሲቲው አሠልጥኗል፤ ጥሩ ነው። ግን መስከረም ላይ ወደ ወሎ ገጠር፣ ደላንታ ወይም ወግዲ የተመለሰው መምህር፣ የሠለጠነውን ሲሞክረው ቢበላሽበት ማንን ይጠይቃል? ሲፒዲ የሚባለው የሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ነው፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙ ቦታ ፋይል ማሳመሪያ ሆኗል። ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኝ የክላስተር ማዕከል አለ። ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ደሴና ወልድያ የመምህራን ኮሌጆች አሉ። አንድ ሰው በወር አንዴ ክፍል ገብቶ ከኋላ ቢቀመጥ፣ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ሻይ እየጠጡ «እዚህ ጋ ልጆቹ ጠፉብህ» ቢባባሉ፣ አበል ከሚከፈልበት የአዳራሽ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል ባይ ነኝ።

«ሒሳብ ተሰጥኦ ነው»

ባቲ ሰኞ ገበያ ሂዱ። የስድስት ፍየል ዋጋ፣ ከዚያ ላይ የደላላው ተነስቶ፣ የቀረው ለሁለት ወንድማማች ተካፍሎ፣ ሁሉንም በቃሉ የሚያወጣ ልጅ ታገኛላችሁ። ያው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና ኤክስን ፈልግ ሲሉት ይደነግጣል። ኤክስ ያልታወቀው የፍየል ዋጋ ነው ብሎ የነገረው የለማ።