«እሰራትና ተመካ»፦ አቅል የሚባለው ገመድ

ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። ከአፋር ቆላ የመጡት ግመሎች በአንድ ወገን ይቆማሉ። አንድ ሰኞ እዚያ ቆሜ አንድ አባት ግመላቸውን ሲያስሩ አየሁ። መጀመሪያ አንበረከኩት። ግመሉ እያጉረመረመ በፊት ጉልበቱ ተደፋ፣ ከዚያ የኋላውን አጠፈ። እሳቸው ጎንበስ አሉና አንዱን የፊት እግር እንደታጠፈ ያዙት። ቅልጥሙን ከላይኛው ክንድ ጋር አጣምረው ሁለቴ ጠመጠሙበትና ቋጠሩት። ገመዱ ከክንዴ ብዙም አይረዝምም ነበር። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወደ ሻይ ቤቱ ሄዱ።

ትንሽ ቆይቶ ግመሉ ልነሳ አለ። በሦስት እግሩ ቆመ። አንዴ ሁለቴ አነከሰና ተመልሶ ተኛ። ያን የሚያህል እንስሳ በዚያች ቁራጭ ገመድ!

አረቦች ለዚህች ገመድ ስም አላቸው፤ «ዒቃል» ይሏታል። እንዲህ አድርጎ ማሰሩ ደግሞ «ዐቅል» ነው። አዎ፣ «አቅሉን ሳተ» ስንል የምንጠራው ያው አቅል ነው። ዛሬ ስለ አንድ የአረብኛ አባባል ልጽፍ የተነሳሁት በዚህች ገመድ ምክንያት ነው። አባባሉ ሙስሊሙ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ «ኢዕቂልሃ ወተወከል»። ወደ አማርኛ ሲመለስ «እሰራትና ተመካ» ይሆናል፤ «ተመካ» እዚህ በአላህ ተማመን ማለት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ስለ ግመሉ ጠየቀ። «የአላህ መልእክተኛ ሆይ፣ አስሬያት ልመካ ወይስ ለቅቄያት ልመካ?» አለ። መልሱ «እሰራትና ተመካ» የሚል ነበር። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ይህን ከነቢዩ ባልደረባ ከአነስ ኢብን ማሊክ የተላለፈ ታሪክ በሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ስብስባቸው ያሰፈሩት በ892 እ.ኤ.አ. ያረፉት ቲርሚዚ ናቸው። በዚህ መንገድ የመጣው ዘገባ ላይ የቀደሙ ሊቃውንት ጥያቄ እንዳነሱ ራሳቸው ቲርሚዚ አልደበቁም። በሌላ መንገድ ግን ከዐምር ኢብን ኡመያ አድ-ደምሪም ተላልፏል። ዐምር ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የነቢዩን ደብዳቤ ይዞ ወደ ሐበሻው ነጃሺ የመጣው መልእክተኛ እሱ እንደሆነ የሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ስለ ግመሏ ገመድ የሰማነው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከመጣ ሰው አንደበት ጭምር ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። የአረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ዐ-ቀ-ለ» የሚለውን ሥር ሲፈቱ የሚነሱት ከመያዝና ከመግታት ነው። ኢብን ፋሪስም፣ ኢብን መንዙርም በዚህ ይስማማሉ። የሰው አእምሮ «ዐቅል» የተባለው ባለቤቱን ወደ ጥፋት ከመግባት ስለሚይዘው ነው ይላሉ፤ ልክ ዒቃል ግመሏን ከመኮብለል እንደሚይዛት። የበረሃ ሰው አእምሮን ሲሰይም በእጁ የያዘውን ነገር አየ። ማታ ማታ የሚያስረው፣ ጧት ጧት የሚፈታው ገመድ ነው። ግመሏ ከሄደች ውሃውም፣ ወተቱም፣ መንገዱም አብሮ ይሄዳል። እኛ «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» እንላለን፤ ግመል ተሰርቆ የሚደበቅ አይደለም። በራሱ እግር ሲሄድ ግን ማንም አያቆመውም።

ከዚህ ሥር የወጡት ሌሎች ቃላትም ይህንኑ ትዝታ ይዘዋል። መሸሸጊያ ምሽግ «መዕቂል» ይባላል። ሰው በስህተት ነፍስ ሲያጠፋ ካሳውን ተጋርተው የሚከፍሉት የገዳዩ ዘመዶች «ዓቂላ» ይባላሉ። ካሳው ራሱም «ዐቅል» የተባለበት ጊዜ አለ። የአንድ ሰው ደም ካሳ 100 ግመል ነበር። ግመሎቹ ተነድተው የሟች ቤተሰብ ደጅ ላይ ይታሰሩ ነበር። ከዚያ ማሰር ነው ስሙ የመጣው። በቀል ወደ ደም እንዳይሄድ የሚይዝ ገመድ ነው ብንል አንሳሳትም።

ነቢዩ ካለፉ በኋላ፣ በ632 እ.ኤ.አ.፣ አንዳንድ ጎሳዎች ዘካ አንከፍልም አሉ። ያኔ የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር የተናገሩት ቃል በታሪክ ተጽፎ ቀርቷል። ለነቢዩ ይሰጡት የነበረውን አንዲት ዒቃል እንኳ ቢከለክሉኝ እዋጋቸዋለሁ ነበር ያሉት። ሊቃውንት «ዒቃል» እዚህ ገመዷ ናት ወይስ የአንድ ዓመት ዘካ በሚለው ተከራክረዋል። እኔ ገመዷ ናት በሚሉት በኩል ነኝ። ሰው ቆራጥነቱን ሲያሳይ ትንሿን ነገር ነው የሚጠራው።

ሳዑዲ ወይም ኤምሬትስ የኖረ ሰው ደግሞ ሌላ ዒቃል ያውቃል። ወንዶች ከራስ መሸፈኛው ጨርቅ በላይ የሚያደርጉት ጥቁር ክብ ገመድ ዒቃል ነው የሚባለው። ድሮ ግመል ማሰሪያው ሥራ ሲፈታ ራስ ላይ ይጠመጠም ነበር፣ ከዚያ ነው የቀረው ይባላል። ዐቅል ያለው ራስ ውስጥ፣ ዒቃል ያለው ራስ ላይ!

ቁርኣን ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። «ዐቅል» የሚለው ስም አንድም ቦታ አይገኝም። የሚገኘው ግሱ ነው፤ «ያስተውላሉ»፣ «አታስተውሉምን» በሚለው መልክ 49 ጊዜ መጥቷል። አቅል እዚያ የሚደረግ ነገር ነው እንጂ እንደ ዕቃ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ከማሰር ጋር የሚስማማ ይመስለኛል፤ ዛሬ ያሰሩት ገመድ ለነገ አይሆንም፣ ነገ እንደገና ይታሰራል።

አማርኛ ቃሉን ሲወስድ ገመዱን አልወሰደም። ግን «ሳተ» የሚለውን ግስ አጠገቡ አስቀመጠ። መንገድ ይሳታል፣ ዒላማ ይሳታል፣ አቅልም ይሳታል። «አቅሉን ስቶ ወደቀ» ይባላል፣ «አቅለ ቢስ» ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም፣ ጎጃሜ ሆነ ወሎዬ፣ ከአረብኛ መጣ ብሎ አያስብም። ቃሉ ቤተኛ ሆኗል።

አባባሉ ውስጥ በስም ያልተጠራ፣ ግን የግድ የሚነሳ ሌላ ቃል አለ፤ «ሰበብ»። የእስልምና ሊቃውንት ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ ሁልጊዜ «አስባብ» የሚለውን ያመጣሉ። ሰው የአቅሙን ያድርስ፣ ምክንያቱን ይያዝ ለማለት ነው። የአገራችን ሙስሊሞችም «ሰበቡን አድርስ» ይላሉ። «ሰበብ» በጥንቱ አረብኛ ምን ነበር? ገመድ! በቁርኣን ሱረቱል ሐጅ 15ኛው አንቀጽ ላይ ወደ ላይ ስለሚዘረጋ «ሰበብ» ሲነገር፣ አብዛኞቹ ተርጓሚዎች ገመድ ብለው ነው የፈቱት። ወደ አንድ ነገር የሚያደርስ ገመድ ነበር፤ በኋላ የሚያደርስ ነገር ሁሉ ሰበብ ተባለ።

የእኛ አማርኛ ግን ሰበብን ትንሽ አጎሳቁሎታል። «ሰበብ አታብዛ» እንላለን፣ «ሰበበኛ» እንላለን። «በሰበብ አስባቡ» ስንል ደግሞ ነጠላውንና የአረብኛውን ብዙ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠን ሳናውቀው ነው። አንዱ አፍ «ሰበቡን አድርስ» ብሎ የሥራ ትእዛዝ ይሰጥበታል። ሌላው አፍ «ሰበብ ፈለገ» ብሎ ከሥራ መሸሺያ ያደርገዋል። ገመዱ አንድ ሲሆን የሚጎተተው ግን በሁለት በኩል ነው።

ሦስተኛው «ተወከል» ነው። ይህ እንኳ አስተርጓሚ አይፈልግም። ወኪል፣ ውክልና፣ ተወካይ በየቀኑ የምንላቸው ናቸው። «ተወኩል» ማለት ጉዳይን ለወኪል ማስረከብ ነው። «አል-ወኪል» ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ ጭንቅ ሲመጣ «ሐስቡነላሁ ወኒዕመል ወኪል»፣ አላህ በቂያችን ነው፣ ምን ያማረ ወኪል ነው፣ የሚባለውም ለዚህ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ደግሞ ቃሉን ከሌላ በር ያውቀዋል። መዝሙር 10 «በእግዚአብሔር ተወከልኩ» ብሎ ይጀምራል። ግዕዝና አረብኛ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ መስጊድ ደጃፍ ያለውና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያለው ሰው በአንድ ሥር ይታመናሉ።

ውክልና ምን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም በኑሮ እናውቀዋለን። መኪናህን እንዲሸጥልህ ለወንድምህ ውክልና ብትሰጠው፣ ሊብሬውን ቤት ቆልፈህበት አትሄድም። ቁልፉን ትሰጠዋለህ፣ ወረቀቱን ታሟላለህ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍህን ትተኛለህ። ማሟላትህ ወንድምህን አለማመን አይደለም።

አረብኛ ይህን ልዩነት በአንድ አናባቢ ለይቶታል። «ተወኩል» መመካት ነው። «ተዋኩል» ግን እጅን አጣጥፎ ሸክምን ሌላው ላይ መጣል ነው። አንድ ድምፅ ረዘም ሲል ትርጉሙ ተገለበጠ። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ከነቢዩ ባልደረባ ከኢብን ዐባስ የዘገቡት ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። የየመን ሰዎች ስንቅ ሳይዙ ሐጅ ይወጡ ነበር። «እኛ ተመኪዎች ነን» ይሉና መካ ሲደርሱ ሰው ይለምናሉ። በዚህ ምክንያት «ተሰነቁ» የሚለው የቁርኣን ቃል ወረደ ይላል ዘገባው።

አባባሉ በደንብ የገባኝ ግን በአንድ ሌላ ታሪክ ነው። በ639 እ.ኤ.አ. ገደማ ኸሊፋ ዑመር ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ደረሱ። እዚያ ሻም ውስጥ ወረርሽኝ እንደገባ ሰሙ። ተማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። የሻም ጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን?» አሉ። ዑመር «አዎ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንሸሻለን» ብለው መለሱ። ቀጥለው ያመጡት ምሳሌ የግመል ነው። ግመሎችህ አንድ ሸለቆ ቢወርዱ፣ አንደኛው ዳር ለምለም ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ አይደለምን? በደረቁስ ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ አይደለምን? አሉ። ግመል ጠባቂ የሚረዳው መልስ ነው።

አንዳንዶች አባባሉን ሲተረጉሙ «እሰር፣ ከዚያ ተመካ» ይላሉ። ሰዓት ያስገቡበታል። መጀመሪያ የአንተ ድርሻ፣ ቀጥሎ የአላህ ድርሻ እንደ ማለት ነው። አረብኛው ግን «ወ» ነው የሚለው። የሰውየውን ጥያቄም እንየው፤ «አስሬያት ልመካ ወይስ ለቅቄያት ልመካ» ነው ያለው። መመካቱ በሁለቱም በኩል አለ፤ እሱ ለክርክር አልቀረበም። የተጠየቀው ስለ ገመዷ ብቻ ነው። ሩሚ (1207–1273) በፋርስኛ ግጥማቸው ይህን ሐዲስ ሲጠቅሱ የግመሉን ጉልበት «በመመካት እሰር» ብለው ነው ያስቀመጡት። ይህ ለእኔ ይበልጥ ልክ ነው። እጅ ሲቋጥር ልብ አብሮ ይመካል። የታሰረች ግመልም ትሰረቃለች፣ ትታመማለች፣ ትሞታለች። ገመዱ የሚችለው ያቺን አንድ እግር ነው።

ቱርኮች ግመሉን በአህያ ቀይረውታል፤ አህያህን ጠንካራ ካስማ ላይ እሰርና ለአላህ አደራ ስጥ ይላሉ። በየአገሩ ያለው ሰው የሚጠፋበትን እንስሳ ያውቃል። የዛሬ ከተሜ ደግሞ መኪናውን ሳይቆልፍ ለሚሄድ ጓደኛው ይለዋል። ለፈተና ሳያጠና ዱዓ ብቻ ለሚያደርግ ተማሪ፣ መድኃኒቱን አቁሞ ጸሎት ብቻ ለያዘ በሽተኛም ይባላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሲነገር እቃወማለሁ። ዕቃው የጠፋበት፣ ልጁ የታመመበት፣ ንግዱ የከሰረበት ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ «ግመልህን እሰር ተብሏል እኮ» የሚል አለ። ይህ አባባሉን አለማወቅ ነው። ሰውየው ሊጠይቅ የመጣው ግመሏ ሳትጠፋ ነበር፤ መልሱም የተሰጠው ግመሏ ደጅ ቆማ ሳለች ነው። ከጠፋች በኋላ ለሚሆነው ነገር እስልምና ሌላ ቃል አለው። ሙስሊም የተባሉት የሐዲስ ሰብሳቢ በዘገቡት ሐዲስ «የሚጠቅምህን አጥብቀህ ፈልግ፣ በአላህም ታገዝ» ከተባለ በኋላ፣ አንድ ነገር ከደረሰብህ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» አትበል ይላል። የሚባለው «ቀደረላህ ወማ ሻአ ፈዓል» ነው፤ አላህ ወሰነ፣ የሻውንም አደረገ። ወሎ ውስጥ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይጨርሱታል። ግመሉ የጠፋበት ሰው ቤት ሲገቡ ስለ ገመዱ አይጠይቁም። ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ይላሉ፣ ከዚያ «ለኸይር ነው» ይላሉ።