የቃጠሎ ምርምርና ትምህርት በሜካኒካል ምህንድስና

በሜካኒካል ምህንድስና ውስጥ ቃጠሎ ቴርሞዳይናሚክስ፣ የጋዝ ፍሰት፣ የሙቀት ዝውውርና ኬሚስትሪ የሚገናኙበት ዘርፍ ነው፤ መምህሩም አራቱንም ይዞ መግባት አለበት። ነበልባል ወዳልተቃጠለው ጋዝ የሚገፋበትን ፍጥነት በስሌት ለመግለጽ ከሞከሩት ቀዳሚዎቹ ፈረንሳውያኑ ማላርድና ለ ሻተሊዬ ናቸው፤ ጊዜውም 1883 እ.ኤ.አ. ነበር።

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል ከሆነው ከሚቴን ይጀምራል። አንድ እጅ ሚቴን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በይዘት 9.5፣ በክብደት 17.2 እጅ አየር ይፈልጋል። ሙቀቱ ካልባከነ ነበልባሉ 1950 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል።

በቤተ ሙከራ ቀድሞ የሚለካው የነበልባል ፍጥነት ነው። ከማቃጠያው አፍ በላይ ሰማያዊ የነበልባል ሾጣጣ ይቆማል። ፎቶ ይነሣና ጎኑ ከመሐል መስመሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ይለካል፤ የፍሰቱ ፍጥነት በማዕዘኑ ሳይን ሲባዛ መልሱ ይገኛል። ፍሰቱ በሰከንድ 1.5 ሜትር፣ ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ ውጤቱ በሰከንድ 39 ሴንቲሜትር ነው፤ ለሚቴን ከሚታወቀው ብዙም አይርቅም። ቀላል ይመስላል፤ ግን በረጅም ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ ዝግ ብሎ የሚፈስ ጋዝ መሐል ላይ የአማካዩን እጥፍ ይፈጥናል፣ ግድግዳው ጋ ደግሞ ይቆማል። የሾጣጣው ጎን ስለሚጎብጥ አንድ ማዕዘን አይኖረውም። አፉ ቀስ በቀስ የሚጠብ ማቃጠያ ፍሰቱን እኩል ስለሚያደርገው ለዚህ ሥራ የተሻለው እሱ ነው።

ሙቀት ሲለካም ጥንቃቄ ይሻል። ቴርሞካፕል ጫፋቸው ከተጋጠመ ሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች የተሠራ የሙቀት መለኪያ ነው፤ ጫፉ ሙቀቱን በጨረር ወደ ቀዝቃዛው አካባቢ ስለሚለቅ ከጋዙ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ልዩነቱ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሽቦው በቀጠነ መጠን ስህተቱ ይቀንሳል። ፕላቲነም ከሆነ ደግሞ ገጹ ራሱ ኬሚካዊ ለውጡን ስለሚያፋጥን ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በሴራሚክ ይለበጣል።

ሙከራው ሲያበቃ መጀመሪያ ነዳጁ ይዘጋል፣ አየሩ ግን ቱቦውን እስኪያጸዳ ይቀጥላል። አየርና ነዳጅ አብረው እየቀነሱ ከሄዱ በግድግዳው አጠገብ ያለው ፍሰት ከነበልባሉ ፍጥነት ያንስና እሳቱ ወደ ቱቦው ውስጥ ይመለሳል። ይህን መመለስ ለመግታት የጋዝ መስመሩ ላይ ነበልባል መግቻ ይገጠማል።

ሃይድሮጅን ይህን ችግር አጉልቶታል። ሚቴን በአየር ውስጥ የሚቀጣጠለው በይዘት ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሃይድሮጅን ግን ከ4 እስከ 75 በመቶ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም እጅግ ይፈጥናል። የሚቴን ነበልባል ሊያልፍባቸው የማይችል ጠባብ ቀዳዳዎችን እንኳ ያልፋል። ለሚቴን የተሠራ ማቃጠያ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት የቀዳዳዎቹ ስፋትና የፍሰቱ ፍጥነት እንደ አዲስ መሰላት ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።