ከረሜላው ለምን አሸዋ ይሆናል? የጭቃው በሬስ ለምን ይሰነጠቃል? ለልጆች በቤት ስለሚሠሩ ነገሮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋና የደሴ ዝናብ ልጆችን ቤት ሲያውላቸው፣ እናትና አባት አንድ ነገር ሊሠሩላቸው ይነሳሉ፤ ዳቦ ቆሎ፣ የሰሊጥ ከረሜላ፣ የጭቃ በሬ፣ የወረቀት ጭምብል። ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ ወይ በዱቄቱና በስኳሩ ይሳበባል፣ ወይ «እጄ አይሆንልኝም» ተብሎ ይተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከውሃው መጠንና ከእሳቱ አያያዝ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በቀላሉ ይታረማሉ። ከዚህ በታች ብርጭቆ ያልነው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው፤ ሌላም ቢሆን ሁሉን በአንዱ ከለካችሁ መጠኑ አይዛባም።

«ከረሜላው አሸዋ የሆነው ስኳሩ መጥፎ ስለሆነ ነው»

ስኳሩ ምንም አላጠፋም። የፈላ የስኳር ውሃ ውስጥ አንዲት ያልሟሟች የስኳር ፍሬ ከወደቀች፣ ሌላው ሁሉ እሷን እየያዘ ወደ ፍሬነት ይመለሳል። ያቺ ፍሬ የምትመጣው ከድስቱ ጠርዝ ወይም ከማማሰያው ነው። ስለዚህ መማሰል ያለበት ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ነው፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ ማንኪያ አይግባበት። የድስቱን ጠርዝ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት።

ለአንድ ብርጭቆ ስኳር ሩብ ብርጭቆ ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጣነቱ ከስኳሩ የተወሰነውን ስለሚከፋፍለው ተመልሶ ፍሬ እንዳይሆን ያግዳል። አንድ ብርጭቆ ሰሊጥ ቀድማችሁ ወርቅማ እስኪሆን አምሱና ሙቅ እንደሆነ አቆዩት። ቀዝቃዛ ሰሊጥ ሲገባበት የስኳሩ ውሃ ወዲያው ይደርቅና ሳይዳመጥ ይቀራል። ሲደርስ ከእሳት አውርዳችሁ ሰሊጡን ቀላቅሉ፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጡ፣ ዘይት በተቀባ ጠርሙስ ዳምጡ፤ ከዚያ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ቁረጡት። ከዘገያችሁ በቢላ አይቆረጥም፣ ይሰባበራል።

መድረሱን ማወቂያው ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው። የሙቀት መለኪያ ያላቸው ሰዎች መጽሐፍ ወይም ቪዲዮ ያለውን 150 ዲግሪ ይጠብቃሉ፤ ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ደሴ ላይ ከረሜላው የሚደርሰው 142 አካባቢ ነው። 150ን የጠበቀ ያሳርረዋል። መለኪያ የሌለው ሰው ምንም አይቅርበት፤ በሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉ፣ አውጥታችሁ ስበሩት። ከተለጠጠ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ይህ ፈተና ደሴም ቆቦም ያው ነው፣ ከፍታ አያሳስተውም።

በክረምት ከረሜላው በማግስቱ ቢያጣብቅ አልበሰለም ማለት ላይሆን ይችላል። ስኳር እርጥበት ከአየር ይስባል። እንደቀዘቀዘ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ብልቃጥ ውስጥ ካላስገባችሁት በማለዳው ጉም ብቻ ይረጥባል።

«ልጁ ከተቃጠለ ቶሎ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባ»

አይቀባ። የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ ይብሳል፤ ሙቀቱ ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ። ትክክለኛው ነገር የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነው፤ በረዶ አይደለም። የተጣበቀውን ስኳር አትላጡት፣ ውሃው ያሟሟዋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ፊት፣ እጅ ወይም ሰፊ ቦታ ከተቃጠለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስኳር በሚቀልጥበት ጊዜ ልጆች ከምድጃው ይራቁ፤ የእነሱ ሥራ ሰሊጥ መልቀምና የቀዘቀዘውን በወረቀት መጠቅለል ነው።

«ጣፋጭ የበላ ልጅ ይቅበጠበጣል»

ይህን ያላለ ወላጅ የለም። ነገሩ ግን በተደጋጋሚ ተፈትኗል፤ ልጆቹም ወላጆቹም ስኳር የተሰጠው ማን እንደሆነ ሳያውቁ የተደረጉ 23 ሙከራዎች በ1995 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደሚለውጥ አላሳዩም። ልጁን የሚያቅበጠብጠው ድግሱ፣ የጎረቤት ልጆች መሰብሰብና የዘገየ እንቅልፍ ነው።

ይህ ማለት ስኳር አይጎዳም ማለት አይደለም። ጉዳቱ ጥርስ ላይ ነው፤ እዚያም ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል። ከምሳ በኋላ በአንድ ጊዜ የተበላ ሁለት ከረሜላ፣ ቀኑን ሙሉ ከሚመጠጥ አንድ ከረሜላ ይሻላል።

«ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ለሕፃንም ይሆናል»

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥ፤ ለቅምሻም፣ በዳቦም፣ በበሶም። ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር በትልልቆች አንጀት ውስጥ አይበቅልም፣ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ መርዝ ያመነጫል። «አፍልቼዋለሁ» ማለትም አያድንም፤ ያ ዘር የሚሞተው በግፊት ውስጥ በ121 ዲግሪ ነው፣ ደሴ ላይ ውሃ በ92 እንደሚፈላ አስቡት። ማር የቀመሰ ሕፃን የሆድ ድርቀት ከያዘው፣ ጡት መጥባት ከደከመው፣ አንገቱ ከላላና ልቅሶው ከሰለለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ዓመት ከሞላው በኋላ ማሩ ችግር የለውም።

«ዳቦ ቆሎ እንዲኮረሸም እሳቱ ይበርታ»

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ዳቦ ቆሎን የሚያኮረሽመው ከውስጡ የወጣው ውሃ ነው። እሳት ሲበረታ ውጭው ጠቁሮ ይዘጋል፣ መሃሉ እርጥብ ይቀራል፤ በማግስቱ ያ እርጥበት ወደ ውጭ ተመልሶ ሁሉን ያለሰልሰዋል። በብዛት የምንሰማው «ትናንት ደርቆ ነበር፣ ዛሬ ለምን ላመ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው።

አራት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ዘይቱን መጀመሪያ ከደረቁ ዱቄት ጋር በእጅ እሹት፤ ዱቄቱን ስለሚለብሰው ሊጡ እንደ ድንጋይ እንዳይሆን የሚያደርገው ይህ ነው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አቡኩ፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ውሃው በዝቷል። ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ሲያድቦለቡሉት ይሰበሰባል፣ ልጆችም ይሰለቹበታል።

ከእርሳስ ያልወፈረ ገመድ አድርጋችሁ አድቦልቡሉ፣ የሽምብራ ፍሬ በሚያህል መጠን ቁረጡ። እዚህ ላይ ልጆች በደንብ ይሠራሉ። ልዩነት የሚያመጣው እኩልነቱ ነው፤ ትልልቁ ሳይበስል ትንንሹ ያርራል። ምጣዱ ላይ ሳይደራረብ በትኑ፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ እሳት እያገላበጣችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቁሉት። ትኩሱን ቀምሳችሁ አትፍረዱ፤ ትኩስ ሲሆን ሁሌም ለስላሳ ነው። አንዱን አቀዝቅዛችሁ ለሁለት ስበሩት፤ መሃሉ ጠቆር ያለና እርጥብ ከመሰለ ይመለስ። ስኳሩን ከግማሽ ብርጭቆ በላይ አታድርጉት፣ ቶሎ ያጠቁረዋል። በርበሬ የሚወድ ቤት ስኳሩን ትቶ አንድ ሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይጨምር።

«ልጃችን ቆሎ ለምዷል፣ አያንቀውም»

ማነቅ በልምድ አይጠፋም። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጠንካራ ፍሬ የሚፈጨው የመንጋጋ ጥርሱና አዋዋጡ ገና አልጠነከረም፤ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ያልተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ጠንካራ ከረሜላና ዳቦ ቆሎ ለእሱ አይሰጥ። ቡና ተፈልቶ ቁርሱ ሲዞር የሚንቀሳቀሰውን ትንሹን ልጅ ማን እንደሚያየው አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሰው ሁሉ አለ በሚባልበት ጊዜ ነው ማንም የማያየው።

ለትንሹ የበሶ ጭብጦ አድርጉለት፤ አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ሦስት ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ሲሶ ብርጭቆ ያህል የሞቀ ውሃ። በጣት ሲጫኑት የሚላላ ይሁን። ደረቅ በሶ በማንኪያ አይሰጥ፣ ዱቄቱ ራሱ ያንቃል።

«ፈንዲሻው ያልፈነዳው ዘይት ስላነሰው ነው»

ፈንዲሻን የሚያፈነዳው በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቆላ ላይ ወይም አፉ ክፍት ጆንያ ውስጥ የከረመ ፈንዲሻ ውሃው ስለሚተንን ደንቆሮ ይበዛበታል። ሦስት ብርጭቆ ፍሬ ብልቃጥ ውስጥ ከአንድ ሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር አድርጋችሁ ክደኑ፣ ደጋግማችሁ ነቅንቁ፣ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ስትቆሉት ክዳኑን በትንሹ ገርበብ አድርጉ፤ እንፋሎቱ ካልወጣ ፈንዲሻው እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ተራ የእርሻ በቆሎ ደግሞ ልፋጩ ግፊቱን ስለማይዝ ምንም ቢደረግ እንደዚያ አይፈነዳም።

«የዱቄት መጫወቻ ሊጥ ቢበሉትም አይጎዳም»

አሠራሩ ይህ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ጨው፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ። ውሃው መፍላት አለበት፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተቦካው እየተለጠጠ ይመለሳል፣ ቅርጽ አይዝም። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ የቀይ ሥር ጭማቂ ይሆናል። በጤፍ ዱቄት አትሞክሩት፤ ጤፍ የስንዴው ዓይነት መለጠጥ ስለሌለው ይፈረፈራል።

አሁን ጨውን አስሉ። እንቁላል ከምታህል የዚህ ሊጥ ድቡልቡል ውስጥ 10 ግራም ያህል ጨው አለ። ለትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ የሚመከረውን፣ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ በአንድ ጉርሻ እጥፍ አድርጎ ይወስደዋል። ጥሬ ዱቄትም በራሱ ጀርም ሊኖረው ይችላል። ሁሉን ወደ አፉ ለሚያስገባ ልጅ ይህ ሊጥ አይሆንም።

እህል መጫወቻ ሲሆን ማየት የማይወዱ ቤቶችም አሉ። የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ ያዩ የወሎ አያቶች ይህን ሲቃወሙ ሊሰሙ ይገባቸዋል፤ ጭቃ በነጻ ሞልቷልና።

«ጭቃው የሚሰነጠቀው ውሃ ስላነሰው ነው»

ውሃ በተጨመረ ቁጥር ስንጥቁ ይብሳል። ጭቃ ሲደርቅ የሚወጣው ውሃ ያህል ይኮማተራል፤ ዋልካ አፈር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይኮማተራል፣ በበጋ ማሳው ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታየው ለዚህ ነው። አፈሩን ነፍታችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ከዚያ ለሦስት እፍኝ አፈር አንድ እፍኝ የተነፋ አሸዋ ቀላቅሉ፤ ዋልካ ከሆነ ለሁለት አንድ። አሸዋ ከሌለ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ይተካዋል፤ ለቤት ምርጊት የሚገባበት ምክንያትም ያው ነው። በደንብ እሹትና ጣት የሚያህል ገመድ ሠርታችሁ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙ። ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተጣበቀ ረጥቧል።

የበሬው እግርና ቀንድ የሚወድቀው ለብቻው ተሠርቶ ስለሚለጠፍ ነው። የሚገናኙትን ሁለቱን ፊቶች በእንጨት ጫር ጫር አድርጉ፣ ቀጭን ጭቃ ቀቡ፣ ከዚያ ተጭናችሁ አዋህዱ። «ይጠንክር» ተብሎ ውስጡ እንጨት ማስገባት ጉዳት ነው፤ ጭቃው ሲኮማተር እንጨቱ ስለማይኮማተር ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ከአውራ ጣት የወፈረ ቦታም አይኑር።

ፀሐይ ላይ አታስጡት። የመጀመሪያውን ቀን በፌስታል ሸፍናችሁ፣ ቀንዱንና ጆሮውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ ቀጫጭኑ ቀድሞ ከደረቀ ከገላው ይላቀቃል። እሳት ውስጥ ሊተኩሱት ካሰቡ ፈጽሞ መድረቁን አረጋግጡ፣ እርጥበት ያለው ይፈነዳል። ያልተተኮሰው ዝናብ ካገኘው ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል።

«ሙጫው በወፈረ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል»

የዱቄት ሙጫን የሚያጣብቀው መብሰሉ ነው። አንድ ብርጭቆ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ያለ ጓል በጥብጡ፣ አራት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ ጨምሩ፣ ሳታቋርጡ አምስት ደቂቃ ያህል አማስሉ፤ ነጭነቱን ለቆ ብርሃን ሲያሳልፍ ደርሷል። ለጭምብል ፊኛ ነፍታችሁ በተቀደደ ጋዜጣ ልበጡት፤ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ጠርዙ ተነስቶ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ድርብርብ አትለፉ፤ በክረምት ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል። የዕለቱን ያህል ብቻ ሥሩ።

«አረፋው ቶሎ የሚፈርሰው ሳሙናው ስላነሰ ነው»

ሳሙና ሲበዛ አረፋው ይከብድና ይወድቃል። ስድስት ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን፤ ቀስ ብላችሁ ቀላቅሉና አሳድሩት። ግሊሰሪኑ ውሃው እንዳይተን ይይዘዋል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ዓይን ስለሚያቃጥል አይግባበት። አረፋ የሚገድለው ደረቅ አየርና ነፋስ ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ግቢው ገና እርጥብ ሳለ አውጧቸው።