የኖቤል ሽልማት ለሞተ ሰው ይሰጣልን?

ደብረ ብርሃን ባለው የንባብ ክበባችን «ለእንዶድ ተመራማሪው ለዶክተር አክሊሉ ለማ ዛሬም ቢሆን ኖቤል ለምን አይሰጣቸውም?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሣ፣ ደንቡን ባጭሩ ላስረዳ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1974 ወዲህ የጸናው የኖቤል ፋውንዴሽን ደንብ ሽልማቱ ለሞተ ሰው እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ተሸላሚው የሞተው ስሙ ከታወጀ በኋላ ከሆነ ግን ሽልማቱ አይነሣም። ደንቡን የፈተነው የራልፍ ስታይንማን ጉዳይ ነው። የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁትን ዴንድራይቲክ ሴሎች ያገኙት እኚህ ሳይንቲስት በ2011 የሕክምና ተሸላሚ መሆናቸው ሲታወጅ ካረፉ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ሸላሚዎቹ ሞታቸውን ሳይሰሙ፣ በሕይወት አሉ ብለው በቅንነት ስለወሰኑ ሽልማቱ እንዲጸና ተደረገ። እንዲህ ያለው አጋጣሚ ግን ብርቅ ነው።

ወደ ዶክተር አክሊሉ ስንመለስ፣ በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ወደማረጋገጥ አደረሳቸው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበሉት ሽልማት ራይት ላይቭሊሁድ ይባላል፤ በተለምዶ «አማራጭ ኖቤል» መባሉ ብዙዎችን ያሳስታል እንጂ ከኖቤል ፋውንዴሽን ጋር አይገናኝም። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ስላረፉ የኖቤሉ በር በደንቡ ተዘግቷል። የሌሎች ሽልማቶች ደንብ ግን እንደየድርጅቱ ይለያያል።