የአልጋ ቁስል መከላከያ ፍራሾችን በአካል ግፊት ካርታ ማወዳደር

የአካል ግፊት ካርታ አንድ ሰው ተኝቶ ወይም ተቀምጦ ሳለ ቆዳው ከፍራሹ ወይም ከመቀመጫው ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ያረፈውን ግፊት ነጥብ በነጥብ ለክቶ በቀለም የሚያሳይ ዘዴ ነው። ከዋና ዋና አገልግሎቶቹ አንዱ የአልጋ ቁስልን ለመከላከል የሚሠሩ የሕክምና ፍራሾችን እርስ በርስ ማወዳደር ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምር፣ በጥንቃቄ ካልተያዘ ደግሞ በቀላሉ የሚያሳስት መሣሪያ ነው።

በጀርባው የተኛ ሰው ክብደቱ በመላ ጀርባው ላይ እኩል አይከፋፈልም። የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል፣ የትከሻው ሰሌዳ፣ የወገቡ ግርጌ አጥንትና ተረከዙ ከሌላው የበለጠ ይጫናሉ፤ በጎኑ ሲዞር ደግሞ ተራው የጆሮው፣ የዳሌው አጥንትና የቁርጭምጭሚቱ ይሆናል። በአጥንቱና በፍራሹ መካከል የተጨመቀው ሥጋ ደም ያጥረዋል። ጤነኛ ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ስለሚገላበጥ ጉዳት አይደርስበትም፤ አከርካሪው የተጎዳ፣ ራሱን የሳተ ወይም ጉልበቱ የከዳው አዛውንት ግን ሰው ካላገላበጠው በቀር በተኛበት ይቆስላል። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ማከም ሲጀምር ሕመምተኞቹ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ግፊቱን በቁጥር የመለካቱ ሐሳብ ከዚያ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። በ1930 እ.ኤ.አ. ዩጂን ላንዲስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በጣት ጥፍር ሥር ወዳሉት ደቃቅ የደም ሥሮች እጅግ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አስገብቶ ሲለካ፣ ደሙ በሚገባበት በኩል ያለው አማካይ ግፊት 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መስፈሪያ) ያህል ሆኖ አገኘው። ይህ ቁጥር ከጊዜ በኋላ የፍራሽ መመዘኛ ሆነ፤ ግፊቱን ከ32 በታች ያደረገ ፍራሽ ቁስል ይከላከላል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ተነግሯል። ነገር ግን ላንዲስ የለካው የጤነኛ ሰዎችን ጣት ነው። ደም ግፊቱ የወረደ፣ ሰውነቱ የከሳ ወይም ስኳር ያለበት ሕመምተኛ ወገብ ከዚያ ባነሰ ግፊትም ሊጎዳ ይችላል። ማይክል ኮሲያክ በ1959 እ.ኤ.አ. በእንስሳት ላይ ባደረገው ምርምር እንዳሳየው ደግሞ ጉዳቱን የሚወስነው የግፊቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የቆየበት ጊዜም ጭምር ነው፤ ከባድ ግፊት በአጭር ጊዜ፣ ቀላሉም ረዘም ባለ ጊዜ ሥጋን ይጎዳል። ስለዚህ ማንኛውም የፍራሽ ንጽጽር ግፊትንና ጊዜን አንድ ላይ ማየት ይኖርበታል።

መለኪያው በፍራሹ ላይ የሚነጠፍ ስስና ተጣጣፊ ምንጣፍ ነው። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጥብጣቦች በቁመትና በወርድ ተዘርግተው ይተላለፋሉ፤ የተላለፉበት እያንዳንዱ ቦታ አንድ ሴንሰር፣ ማለትም ግፊት የሚለካ ነጥብ ነው፤ ሙሉ አካል የሚያስተኛ ምንጣፍም እነዚህን ሴንሰሮች በሺዎች ይይዛል። የካናዳው ኤክስሴንሰርና የአሜሪካው ቴክስካን በዚህ ሥራ ከሚታወቁት ኩባንያዎች ውስጥ ናቸው። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ግፊት በሰማያዊ፣ ከፍተኛው በቀይ ይታያል።

አንድ ከሲታ ሰው በጠንካራ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ በጀርባው ሲተኛ በወገቡ ግርጌ ላይ ቀይ ክብ፣ በሁለቱ ተረከዞች ላይ ደግሞ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የወገቡ ጉድጓድ ፍራሹን ስለማይነካ ቦታው ባዶ ይሆናል። ይኸው ሰው በሰውነት ሙቀት ወደሚለሰልሰው ስፖንጅ ሲዛወር መጀመሪያ ላይ ብዙ ልዩነት አይታይም። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ግን ፍራሹ ቀስ በቀስ ይቀበለዋል፤ ባዶ የነበረው የወገብ ቦታ በሰማያዊ ይሞላል፣ ቀዩም ወደ ቢጫ ይወርዳል። ክብደቱ አልቀነሰም፤ የተሸከመው ስፋት ጨመረ እንጂ። የሙያው ሰዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው የሚመለከቱት ለዚህ ነው፦ ሰውነቱ በፍራሹ ውስጥ ምን ያህል እንደሰመጠና ፍራሹ የሰውነቱን ቅርጽ ምን ያህል እንዳቀፈ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ሲል ደግሞ ሸክሙ ወደ መቀመጫው ይወርድና ቀዩ ይመለሳል። ሕመምተኛው ወደ ታች ሲንሸራተት ቆዳውና ከሥሩ ያለው ሥጋ በተለያየ አቅጣጫ ይጎተታሉ፤ ይህን መጎተት ግን ካርታው አያሳየውም።

ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ሁኔታዎቹ ሁሉ አንድ መሆን አለባቸው፤ በእኔ እምነት አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የሚተኙት ሰዎች በውፍረትና በቁመት የተለያዩ ሆነው በሁሉም ፍራሾች ላይ እነዚያው ሰዎች መተኛት አለባቸው፤ የአልጋው ከፍታ፣ የተነጠፈው አንሶላና ከመለካቱ በፊት የሚቆይበት ደቂቃም መለያየት የለበትም። ምንጣፉ ራሱ ከተወጠረ እንደ ሸራ ሰውነቱን አንጠልጥሎ ይይዝና ለስላሳውን ፍራሽ ጠንካራ ያስመስለዋል። አንዲት የአንሶላ እጥፋት በአንድ ሴንሰር ላይ ከፍተኛ ቁጥር ልታስመዘግብ ስለምትችል፣ ከአንዱ ከፍተኛ ነጥብ ይልቅ በአጥንቱ ዙሪያ ያሉ ጥቂት ነጥቦች አማካይና ጠቅላላው የመነካካት ስፋት የበለጠ ይታመናሉ።

አየር በተራ እየሞላና እየጎደለ የሚሠራው ፍራሽ ለብቻው መታየት ያለበት ጉዳይ ነው። የዚህ ፍራሽ አየር ከረጢቶች አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ዙር ስለሚፈራረቁ አንድ ወገብ አሁን በሞላ ከረጢት ላይ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በጎደለው ላይ ያርፋል። አንዲት ቅጽበት ብቻ የያዘች ሥዕል እንደ ተነሣችበት ደቂቃ ፍራሹን ግሩም ወይም አስከፊ አድርጋ ልታሳይ ትችላለች። ትክክለኛው መንገድ ሙሉውን ዙር መዝግቦ ግፊቱ ከተወሰነ መጠን በታች የቆየበትን የጊዜ ድርሻ ማስላት ነው፤ እንዲህ ያለውን ፍራሽ ከስፖንጅ ጋር በአንድ ባለ ቀለም ሥዕል አወዳድሮ የሚቀርብ ማስታወቂያ ለገዢ የሚጠቅም መረጃ አይሰጥም።

ካርታው ጥሩ ሆኖ ቢወጣ እንኳ የሚያየው የቆዳውን ላይ ብቻ ነው። ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ጡንቻ ምን ያህል እንደተጨመቀ፣ ቆዳው በላብና በሽንት መራሱን ወይም መሞቁን አይናገርም። በዚህም ምክንያት የመጨረሻው መልስ የሚገኘው ሕመምተኞችን ተከታትሎ ማን እንደቆሰለ በመቁጠር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የታተመው ፕሬሸር 2 የተባለ ሙከራ 2,029 ሕመምተኞችን ጥራቱ ከፍ ባለ ስፖንጅና በተፈራራቂ የአየር ፍራሽ መካከል በዕጣ ከፋፍሎ ተከታትሏል። ቆዳ የተላጠበት ወይም ከዚያ የከፋ አዲስ ቁስል የወጣባቸው በአየር ፍራሹ 6.9 በመቶ፣ በስፖንጁ 8.9 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ አልመጣም ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም። ሁለቱ ፍራሾች አሠራራቸው ይህን ያህል ተራርቆ ሳለ ውጤታቸው መቀራረቡ፣ ጥሩ ስፖንጅ የሚናቅ እንዳልሆነ ያሳያል።

ካርታው ያለ ጥርጥር የሚጠቅመው በቤትና በሆስፒታል የሚደረጉ ቀላል ነገሮችን ሲፈትሽ ነው። ትራስ ከባቱ ሥር ገብቶ ተረከዙ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ቀዩ ነጠብጣብ ጨርሶ ይጠፋል፤ ይህን ውድ ፍራሽ እንኳ ሁልጊዜ አያደርገውም። በውኃ የተሞላ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግ ግን ጓንቱ ጠባብ ስለሆነ ሸክሙን የሚያካፍልበት ስፋት የለውም፤ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም ይህንንና መካከሉ ክፍት የሆነውን ክብ ትራስ አይመክሩም። ሕመምተኛውን ሙሉ በሙሉ በጎኑ ከማስተኛት ይልቅ ከጀርባው ትራስ ደግፎ 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል የዳሌውን አጥንት ያሳርፈዋል።

በሀገራችን ሕመምተኛን የሚያገላብጠው በብዛት አስታማሚ ዘመድ ስለሆነ ይህ እውቀት ከነርሷ ባልተናነሰ ለእሱ ያስፈልገዋል። በተለይ ልጆች ከውጭ የላኩት የአየር ፍራሽ ቤት ሲደርስ ሁለት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ ፓምፑ በሕመምተኛው ክብደት ልክ ይስተካከል፣ በላዩም ስስ አንሶላ እንጂ የታጠፈ ብርድ ልብስና ጋቢ አይደራረብበት። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም ከረጢቶቹ ቀስ በቀስ ሊጎድሉ ይችላሉ፤ ከአየር ፍራሹ ሥር ደህና ስፖንጅ ከሌለ ሕመምተኛው በአልጋው ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ላይ ይቀራል። መዳፍን ወደ ላይ አዙሮ ከአየር ፍራሹ ሥር፣ በወገቡ ትክክል አስገብቶ መዳሰስ ይቻላል፤ አጥንቱ መዳፍ ላይ ካረፈ አየሩ አልበቃም ማለት ነው።